ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሌሊት

የቤንጃሚን ዜፋንያህ ልብ ወለድ «ሬፊዩጂ ቦይ» («ስደተኛው ልጅ») የሚከፈተው በሌሊት ነው። ቤተሰቡ ተኝቷል። ወታደሮች በሩን በእርግጫ ብለው ይገባሉ፤ እየጮኹ ጠመንጃ ይደግናሉ፤ አገሩን ለቃችሁ ውጡ፣ አለዚያ ትሞታላችሁ ይላሉ። ቦታው ኢትዮጵያ ነው። ከዚያ ሌላ ሌሊት ይመጣል። ያው ቤተሰብ ተኝቷል፤ በሩም እንደዚያው ይበረገዳል፤ ጩኸቱም ጠመንጃውም ማስፈራሪያውም ያው ነው፤ ቃላቱ ሳይቀሩ ከሞላ ጎደል እነዚያው ናቸው። ቦታው ግን ኤርትራ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣቶች ታትሞ የወጣ ነው፤ እኔ ያነበብኩት ግን በቅርቡ፣ የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍትን እያሳደድኩ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከሜክሲኮ ለቡ መብራት ኃይል በሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ገለጥኩት፤ «ወራጅ» እስክል ድረስ ከእነዚያ ሁለት ሌሊቶች አላለፍኩም። አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው እመለሳለሁ፤ የትኛው ቃል እንደ ተለወጠ እፈልጋለሁ።

ጸሐፊው ማብራራት ቢፈልግ የሚለው አያጣም ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዓለም የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው፤ ታሪኩም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው የሁለቱ አገሮች ጦርነት የተነሣ ነው። ስለ ድንበሩና ስለ መንግሥታቱ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ሁሉን ትቶ አንዱን ሌሊት ሁለት ጊዜ ጻፈው። ልጅ አንባቢ ይህ ቤተሰብ የትም መግቢያ እንደሌለው ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ጦርነቱን የምናስታውስ ደግሞ እነዚያኑ ቃላት ስናነብ ይከብዱናል።

ድግግሞሽ በጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጉድለት ነው፤ አርታኢ ቢያገኘው በቀይ ይሰርዘዋል። ተረት እየሰማን ያደግን ግን ሌላም ጥቅም እንዳለው እናውቃለን። ሦስት ወንድማማቾች ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ሽማግሌው ለሦስቱም ያንኑ ይጠይቃቸዋል፤ ልጅ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው መልሱ የሚለወጥበትን ቦታ ነው። ዜፋንያህ ይህን መጠባበቅ ተጠቀመበት። ግጥሙን መድረክ ላይ ቆሞ የሚያሰማ የበርሚንግሃም ገጣሚ ነበርና ጆሮ ነበረው። እንድንጠብቅ አድርጎን ሲያበቃ የአገሩን ስም ብቻ ለወጠብን።

መጽሐፉ እስከ መጨረሻው እንዲህ ጥብቅ ነው አልልም፤ ወደ ኋላ ገጸ ባሕርያቱ ንግግር ያበዛሉ። ያም ሆኖ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆኑት፣ እንግሊዝ አገር በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ገጣሚ ለምን ሲሳይ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመድረክ አዘጋጅቶታል። ዓለምም ለንደን ላይ የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነውና ሥራው የሚገባው እጅ ላይ ወድቋል።

ሳያብራሩ የማስረዳት ጥንቃቄ በእኛው ተረት ውስጥም አለ። ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ተረቶች መድበል ውስጥ መጽሐፉ ስሙን ያገኘበት የተራራው እሳት ተረት ይገኛል። አርሃ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ለሀብታም ነጋዴ ያደረ አሽከር ነው። ያለ ልብስ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ እሳት ሱሉልታ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ካደረ መሬትና ከብት ሊሰጠው ጌታው ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ማዶ ካለው ዐለት ላይ እሳት ሊያነድለት ቃል ይገባል። አደራ የሚለውም እሳቱን ብቻ እንዲያይ አይደለም፤ «እኔ ወዳጅህ አጠገቡ ተቀምጬ እያነደድኩልህ እንደሆነ አስብ» ነው መልእክቱ። አርሃን ከብርድ ያወጣው ይህ ነው።

ሲነጋ ጌታው «እሳት አይተሃል» ብሎ ይክዳል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። ከዚያ ለአርሃ የተቆረቆረ ኃይሉ የተባለ ሰው ግብዣ ይጠራል፤ ነጋዴውም ዳኛውም ይመጣሉ። ከጓዳ የወጡ ሽታ ያውዳል፣ ምግቡ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ሲያጉረመርሙ «ሽታው አላጠገባችሁም?» ይባላሉ። ዐይን ያየው እሳት ካሞቀ፣ አፍንጫ ያሸተተው ወጥም ማጥገብ አለበት፤ ሚዛኑ አንድ ፍሬ አይጎድለውም። ፍርድ ቤት ያበላሸውን ጓዳ አቃናው፤ ሙግቱንም ከቃል በፊት ረሃቡ አስረዳ።

ማጂ ያደገችው ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ተረት ለሥዕል መጽሐፍ ስታሰናዳ አሽከሩን እረኛ ልጅ አድርጋ እህት ሰጠችው። ለልጆች የሚቀርብ ለውጥ ነው፤ እኔ ግን የሽማግሌውን አደራ የሚተካ ነገር አላገኘሁበትም።

እናንተም ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ ስትተርኩት አደራ፣ ከሽታው በኋላ ምንም ማብራሪያ አትጨምሩ።