ጣቱ የት ደርሷል?

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ፣ አንድ አባት የልጁን እጅ ይዞ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። ፊቱ በርቷል። «ሚስ፣ ይሄ ልጅ መጽሐፉን ጨረሰው እኮ! በል አንብብላቸው» አለና የልጁን ቦርሳ ራሱ ከፍቶ የአማርኛውን መጽሐፍ አወጣ። ልጁ ገጹን ገለጠ፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈና ንባቡን ለቀቀው። ስለ አንዲት ላምና ስለ ጥጃዋ የሚያወራ አራት መስመር ነው። አንድ ቃል አልሳተም፤ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። አባትየው እኔን እኔን እያየ ይስቃል። እኔ ግን የማየው የልጁን ጣት ነበር። ድምፁ ጥጃዋን አጥብቶ ሲያስተኛ፣ ጣቱ ገና ላሟን ከበረት አላወጣም።

ጎኑ ተንበረከክሁና ከመሃል «ጥጃ» የምትለዋን ቃል አሳየሁት። «ይቺስ ምን ትላለች?» አየኝ፤ አባቱን አየ። ከዚያ በሹክሹክታ ከመጀመሪያው መስመር ተነሥቶ ማውረድ ጀመረ፤ እየቆጠረ ቃሏ ጋ ሊደርስ። አባትየው ያኔ ገባው። ሊቆጣው አፉን ሲከፍት ቀድሜ አስቆምኩት። ልጁ አልዋሸም፤ ማንበብ ማለት ይኼ ነው ብሎ ከልቡ አምኗል። ያሳመንነውም እኛው ነን።

22 ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፣ አዲስ አበባ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት። እኛ ጋ «ሰልፍ ኮንቴይንድ» የምንለው ነው፤ አማርኛውንም ሒሳቡንም ሌላውንም አንድ መምህር ይይዘዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ደረጃው በአንድ ክፍል 50 ልጅ ይላል፤ እሱም ሲጠበቅ ነው። 40 ደቂቃን ለ50 አካፍሉት፤ ለአንድ ልጅ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል። ያውም እኔ ጠመኔ ሳላነሣ፣ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» የሚለኝ ሳይኖር፣ እርሳሱ የተሰበረበት ሳያለቅስ። ስለዚህ በአንድ ድምፅ እናስብላለን። ሁሉም አብሮ ሲል ደግሞ ጆሮ ይሠራል፣ ዓይን ያርፋል። ጎበዝ ጆሮ ያለው ልጅ አራት መስመር ለመያዝ ሁለት ቀን አይፈጅበትም።

የኔታዎች ይህን ከእኛ በፊት አውቀውታል። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ያስታውሰዋል፤ ተማሪው ስንደዶውን ይዞ ሀ ሁ ሂ ሃን ከላይ እስከ ታች ካወረደ በኋላ እንኳ ወደ ንባብ አይለቁትም። አቡጊዳ ይመጣል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፤ አንዱ ከግዕዝ፣ አንዱ ከካዕብ፣ አንዱ ከሣልስ እያለ ሰባቱንም እያቆራረጠ ይሄዳል። ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ይጋለጣል። የድሮውን አለንጋ አልናፍቅም። ይህችን ብልሃት ግን የትኛውም ሥልጠና ላይ አላገኘኋትም፤ ከእነሱ ነው የወሰድኳት። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ካለ ልጁን ከ«ሀ» አታስጀምሩት። መሃል ላይ አንዷን ንኩና ጠይቁት፤ ከዚያ ሁለት ረድፍ ዝለሉ። ወደ ግራ ሮጦ ከግዕዙ ጀምሮ እየቆጠረ ከመጣ፣ እስካሁን የያዘው ዜማውን ነው።

ፊደላችን ለልጅ ብዙ ነው፤ 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ቢሆንም ሥርዓት አለው። ሉ ከወገቡ ጭረት ያወጣል፣ ሊ ከእግሩ፣ ሌ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። አንድ ልጅ ይህን በራሱ ሲደርስበት ክፍሉ ይናወጣል፤ «ቲቸር! ሜም ቀለበት አድርጋለች!» ረ እና ፈ መጥተው ሥርዓቱን ሲያፈርሱበት ትንሽ ይከፋዋል፤ ይለምደዋል። ከግል መዋዕለ ሕፃናት የሚመጡት ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሀን ሳሳየው «ዩ» ይለኛል፤ ተን «ቲ»፣ ዐን «ኦ»። አልተሳሳተም፤ እንግሊዝኛውን ነው ያነበበልኝ። ኅዳር ሳይወጣ ይስተካከላል።

የማይስተካከለው ሳድስ ነው። ሌሎቹ ስድስቱ በገቡበት ቃል ሁሉ ድምፃቸው አንድ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፤ መቼ እንደሚዋጥ የሚነግር ምልክት የለውም። በየደብተሩ ሽፋንና በየበሩ ላይ የተጻፈውን «ትምህርት» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁ እዩት። አምስት ፊደል፣ አምስቱም ሳድስ። የመጀመሪያው ት ይሰማል፣ ም ይዋጣል፣ ህ ይሰማል፣ ር እና የመጨረሻው ት ይዋጣሉ። እኛ አንቸገርም፤ ቃሉን ቀድሞውኑ ስለምናውቀው ነው። ሕፃኑ አምስቱንም እኩል እየጠራ፣ በየመሃሉ እየቆመ፣ ላብ እያላበው ይሄዳል። ይህን የሰማች እናት «ትናንት ስታውቀው አልነበር? ምን ነካህ?» ትለዋለች። ምንም አልነካውም። ፊደሎቹን አውቋቸዋል፤ የቀረው ማጋጠሙ ነው።

ቤት ውስጥ ማስጠናት የምትፈልጉ ሳድስ ከሌለባቸው ቃላት ጀምሩ። ዶሮ፣ ቡና፣ ዋሻ፣ ጣሳ፣ ገበያ። እነዚህን ያለ ጭንቅ ሲላቸው መጨረሻቸው ላይ አንዲት ሳድስ ያለችባቸውን ስጡት፤ ቤት፣ ወተት። «ልብስ»ን እና «ትምህርት»ን አታስቸኩሉት። መጥበቅና መላላቱም ሌላ ራስ ምታት ነው፤ «ገና ገና አልደረሰም» ብላችሁ ጻፉና አንድ አዋቂ እንኳ መጀመሪያውን ሳይመለስ ያነበው እንደሆነ ሞክሩ። ቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም ወላይትኛ የሚነገርበት ልጅ ደግሞ የሚገጣጥመውን ቃል በጆሮው አያውቀውም፤ ደርሶበትም መድረሱን አያውቅም። ለእነዚህ ወላጆች ሁሌም የምላቸው፣ በቋንቋችሁ ተረት ማውራታችሁን አትተዉ ነው። ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅ ቢያንስ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው ያውቃል፤ አማርኛውን እኔ እጨምርበታለሁ።

እንግዲህ ወላጅ ሁሉ ከእኔ የሚጣላበት ሐሳብ ይኸውና። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ልጃችሁ ሲያነብ ካልተንተባተበ እኔ እሰጋለሁ። የሚንተባተበው ልጅ ዓይኑ ፊደሉ ላይ ነው፤ እየተጋጨ ነው፤ እያነበበ ነው። እንደ ውኃ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ ነው። እኛ ግን የሚወርደውን «አንበሳ!» እንላለን፤ የሚንተባተበውን «ፍጠን!» እንላለን። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ምን እንደሚያስመሰግን ቶሎ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ከፊደል ጋር መታገሉን ትቶ ታላቅ እህቱን «አንድ ጊዜ አንብቢልኝ» ይላታል፤ ሰምቶ ይይዛል፤ ማታ ለአባቱ ያወርደዋል። የጥቅምቱም ልጅ መንገድ ይኸው ነበር፤ እህቱ አራተኛ ክፍል ናት።

ስለዚህ ሲቆም አትድረሱለት። በልባችሁ አምስት ቁጠሩ። ካልሆነለት የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ስጡትና እንደገና ቁጠሩ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከምሰጠው 48 ሰከንድ 12 እጥፍ በላይ ነው። ከእራት በኋላ አይሁን፤ ያኔ ልጁም እናንተም አልቃችኋል፣ ተከታታይ ድራማውም ይጀምራል።

የካቲት ላይ ካርድ ስሰጥ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንተኛ ወጣ?» እመልሳለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ደረጃ ግን የሚነግራችሁ ከጎኑ እነማን እንደተቀመጡ ነው። ካርዱ ላይ ያለው «አልፏል»ም ቢሆን ብዙ አያስተኛችሁ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ልጅ እንዳይወድቅ ተብሎ ለዓመታት ሠርተናል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በሰባት ዓመቱ «ወዳቂ» የተባለ ልጅ ተመልሶ አይመጣም። ዳሩ ግን ማንበብ የማይችለውም አብሮ እያለፈ ሄደ። በ2002 ዓ.ም በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ቁጥሩን የሰማን የአንደኛ ክፍል መምህራን ብዙም አልደነገጥንም። እነዚያን ልጆች እናውቃቸው ነበር። በጋራ ሲባል ድምፃቸው ከሁሉ ይጎላል።

ስለ ቤት ሥራ ብዙ አልልም። የእናትን እጅ ሰኞ ጠዋት ሳየው አውቀዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ለ«ጨ» እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ አንገት አያወጣላትም። ስህተቱን እንዳለ ላኩልኝ፤ እኔን የሚጠቅመኝ እሱ ነው። በላጲስ ያጠፋችሁት ስህተት ለእኔ የተላከ ደብዳቤ ነበር።

አንድ ራሴን የምወቅስበት ነገር አለ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ኋላ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረችኝ። ከሰሌዳ ገልብጡ ስል እሷ ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጣለች። ሁለት ጊዜ አስነሥቼ አቆምኳት። የመጀመሪያው መንፈቅ ካርዷ ላይ «ትኩረት የላትም» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ግንቦት ላይ እናቷ ለሌላ ጉዳይ መጥታ እንደ ዋዛ፣ «ቴሌቪዥኑን በአፍንጫዋ ልትነካው ነው የምታየው» አለችኝ። ያን ቀን ወስጄ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት፤ የሰሌዳውን ግማሽ አነበበችልኝ። ልጅ አይታየኝም ብሎ አይነግራችሁም፤ ዓለም ለሁሉም ሰው እንደዚያ ብዥ ያለች ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ መስከረም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም በየተራ ኋላ ግድግዳው ጋ አቁሜ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሥዕል ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። በየዓመቱ አንድ ሁለት አይጠፋም። ያ ካርድ ግን እስካሁን እነሱ ቤት ይኖራል።

አምና አያቱ የሚያሳድጉት አንድ ልጅ ነበረኝ። እማማ ጉሊት ላይ ጎመንና ቃሪያ ይሸጣሉ። በወላጆች ስብሰባ ቀን ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው ወደ ጠረጴዛዬ ቀረቡ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ምኑን ላስጠናው?» አሉኝ። አፍረዋል።

«እማማ፣ ፊደሉን አይዩ፤ ጣቱን ይዩ» አልኳቸው። «ሲያነብ ጣቱን ያስቀምጥ። አፉ ሲሄድ ጣቱ ይሄዳል? ጣቱ ሲቆም አፉ ይቆማል? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ሲወስዱት በር ላይ ሪፖርት ያቀርባሉ። «ዛሬም ጣቱ ወደኋላ ነው።» ሳምንት ቆይተው፣ «ጣቱን ከነጭራሹ ረሳው፤ እኔን እያየ ያነባል።» ከመምህራን ክፍል ማንም እንዲህ ያለ መረጃ አምጥቶልኝ አያውቅም። ጥር መጨረሻ ላይ ግን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ልጄ፣ የተበላሸ መሰለኝ። ትናንት መሃል ላይ ጣቱ ቆመ፤ አፉም አብሮ ቆመ። ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም።»

«ከዚያስ?»

«ኋላማ ተናገራት። ‹ጎመን› አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ግን አላመንኩትም። ቤት ውስጥ ጎመን ስለሚያይ ይሆናል ያላት።»

ልጁ እጃቸውን ይዞ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። ቦርሳውን ተቀብዬ መጽሐፉን አወጣሁና ገጹን ገለጥኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ከሁለት ረጃጅም ቃላት መሃል፣ ጎመን አለች። ሥዕሉ ላይ ያለችው ግን አንዲት ፍየል ብቻ ናት።