አንድ በአንድ ማስነበብ

ማንበብ የማይችል የ4ኛ ክፍል ተማሪ ከሩቅ አይታወቅም። ደብተሩ ሙሉ ነው፤ ከሰሌዳ የገለበጠው ጽሑፍም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያነብ እሱም ያነባል፤ አንዳንዴም ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ጉዳዩ የሚወጣው ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ እሱ ብቻውን፣ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ጣቱን እያሳረፈ እንዲያነብ ሲጠየቅ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ዳርቻ ክፍሎች በልጅ በሚጨናነቁበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ለአንዳንዱም ዓመቱን ሙሉ አይደርሰው። ንባብ የጎደለባቸውን ልጆች የማቃናት ሙያ የሚጀምረው ጥያቄውን ለሁሉም ከማድረስ ነው፤ ከባዱ ክፍል ግን ልጁ ሲያነብ የተሰማው ስሕተት ምን እንደሚል ማወቅ ነው።

የጉድለቱ ስፋት ከተለካ ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች ከ13 ሺህ በላይ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ በአንድ እየተቀመጡ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስት አንዱ ያህል ከቀረበለት አጭር ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አቃተው። አዲስ አበባ ከሌሎቹ የተሻለች ሆና ተገኘች፤ የከተማ አማካይ ግን ዳር ዳሩን ይሸፍናል። የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ግምት ደግሞ አንደኛ ደረጃን በሚጨርሱበት ዕድሜ ላይ ካሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። የዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን አስደነገጠ። ስለ ኩረጃ ብዙ ተወራ፤ ፈተናውን ስለወደቁት ልጆች የ2ኛ ክፍል ንባብ ግን እምብዛም የተነሣ ነገር የለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በነጻ ዝውውር እንዲያልፉ ሲፈቅድ አብሮት ተከታታይ ምዘናን አዝዞ ነበር። በብዙ ቦታ ምዘናው ቅጽ መሙላት ሆነና ዝውውሩ ብቻ ቀረ። ጥፋቱን ሁሉ በዝውውሩ ላይ መጫን ግን ተገቢ አይደለም። ክፍል የሚደግም ልጅ በዚያው መምህር፣ በዚያው ስልት፣ በዚያው ጩኸት ውስጥ ተመልሶ ከተቀመጠ የሚጨምረው ዕድሜ እንጂ ንባብ አይደለም።

ልጅ ሳያነብ የሚያነብ ሊመስል እንደሚችል የቄስ ትምህርት ቤት ያውቅ ነበር። ሕፃን ሀሁን በዜማ ሲወጣ ፊደሉን ያወቀ ይመስላል፤ የያዘው ግን ዜማውን ነው። ስለዚህ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። በአቡጊዳ የፊደሎቹ ተራ ይፈርሳል፤ ቤቱም ድምፁም በአንድ ጊዜ ስለሚቀያየር በጆሮ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይደናቀፋል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው በአገሩ ያሰራጩት የፊደል ገበታም ሁለቱን አስከትሎ መልእክተ ዮሐንስን ያስነብባል። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ሲያነብ የኔታ ለብቻው ይሰሙታል፤ የኔታ ካልደረሱለት ከፍ ያለው ተማሪ ይሰማዋል። በዚያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረም ማለት አይደለም፦ የሚነበበው ግእዝ ስለነበር ልጁ ዳዊት ደግሞም የሚያነበውን ላይረዳ ይችላል፤ ዱላውም ነበር። ቢሆንም ዘመናዊው ክፍል ከዚያ ቤት የወረሰው የኅብረት ጩኸቱን ነው፤ አንድ በአንድ መስማቱን እዚያው ትቶታል።

የአማርኛ ንባብ የት እንደሚሰበር ለማወቅ የፊደሉን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለሕፃን ይህ ብዙ ነው፤ ደግነቱ ሥርዓት አለው። ካዕብ ከወገቡ በስተቀኝ ይቀጠላል፤ ሣልስ ከእግሩ ሥር፤ ኃምስ ቀለበት ያጠልቃል። ይህን ሥርዓት በግልጽ የተማረ ልጅ አዲስ ቤት ሲያይ ግማሹን ራሱ ይደርስበታል። የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ል፣ ር፣ ት፣ ን፣ ም የየራሳቸው መልክ አላቸው፤ አንዱን ያየ ሌላውን አይገምትም። በዚህ ላይ ሳድስ አንዳንዴ አጭር አናባቢ ይዞ ይነበባል፤ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ተናባቢውን ብቻ ይሰጣል። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጻፈው «ትምህርት» የሚለው ቃል አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው፤ የመጀመሪያው ት እና መካከለኛው ህ አናባቢ ሲይዙ ሌሎቹ አይዙም። ልጁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በትክክል ጠርቶ ቃሉን ሳያገኘው ሊቀር የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው። «ፊደል ለይቷል፣ ማገጣጠም አቅቶታል» የሚባለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሳድስ ልጅ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ሀሁን እንደገና ማስቆጠር ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው «ብርድ»፣ «ክፍል»፣ «ልብስ»፣ «ትልቅ» የመሳሰሉ አፉ ላይ ያሉ ቃላት ናቸው። ድምፃቸውን ቀድሞ ስለሚያውቀው ፊደሎቹ የት እንደሚጣበቁ ከራሱ ንግግር ይማራል።

ሌላው ችግር መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደሉ አያሳየውም። «ልጁ ይሰማል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ልጁ ጆሮ አለው ማለትም፣ የልጁ ድምፅ ይደርሳል ማለትም ሊሆን ይችላል። አዋቂ ሰው ከዐውዱ ተነሥቶ ሳያስበው ይለየዋል። ጀማሪ አንባቢ ግን ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ የመጀመሪያውን ቃል በልቡ ሊያቆየው አይችልም፤ አንዱን መርጦ ይሄዳል፤ ትርጉሙ ሲጣመምበት ተመልሶ አያርመውም። ስለዚህ «ገና» ወይም «አለ» ላይ የተሳሳተን ልጅ ቃሉን ነግሮ ከማለፍ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲደግመው ማድረግ ይሻላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ራሱ የንባብ ችሎታ ነው።

የቃላት ርዝመትም አለ። «ስላልመጡልን» ሰባት ፊደል ብቻ ነው፤ በውስጡ ግን ምክንያት፣ አፍራሽ፣ ድርጊት፣ ባለቤትና ተቀባይ ታጭቀዋል። ጥሩ አስነባቢ ይህን ቃል ሰሌዳ ላይ ሰብስቦ አያስቀምጠውም፤ ያስረዝመዋል፦ መጡ፣ አልመጡ፣ ስላልመጡ፣ ስላልመጡልን። አንድ ሳምንት በዚህ ስልት የተለማመደ ክፍል ረጅም ቃል ሲገጥመው ከጫፍ ጀምሮ መፍጨቱን ትቶ ሥሩን ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ የተለመደውን በደቂቃ ይህን ያህል ቃል የሚል መለኪያ ወደ አማርኛ እንዳለ ማምጣት ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ነው፤ አንዱ የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ አራትና አምስት ቃል ይሆናል።

የማስነበቡ ሥራ ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያ ተራቸው የተዘበራረቀ ፊደሎች ይቀርቡለታል፤ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ፣ ሰ እና ሸ የመሳሰሉ ተመሳሳዮች መኖር አለባቸው። ቀጥሎ የታወቁ ቃላት፣ ከዚያ ትርጉም የሌላቸው የተፈጠሩ ቃላት ይመጣሉ፤ ልጁ የሚያነበውን ከሚገምተው የሚለዩት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። በመጨረሻ ከመማሪያ መጽሐፉ ያልተወሰደ አጭር ታሪክና ስለ ታሪኩ ሁለት ሦስት ጥያቄ። የመማሪያ መጽሐፉ ታሪክ አይሆንም፤ ብዙ ልጅ በቃሉ ይዞታል። መምህሩ በዚህ ጊዜ አያርምም፣ አይቆጣም፤ ልጁ ያለውን እንዳለ ይጽፋል። «በሬ» ያለውን «በራ» ብሎ ያነበበ እና «ላም» ብሎ ያነበበ ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የመጀመሪያው ፊደሉን እያየ ኃምስን ከራብዕ የሚያምታታ ነው፤ ሁለተኛው ሥዕሉን እያየ የሚገምት ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

አቃቂ ቃሊቲ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። አካባቢው ከባቡር ሐዲዱና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዘመን ጀምሮ ሥራ ፈላጊ የሚጎርፍበት ነው፤ ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ንባብ ይጀምራል። ለእንዲህ ያለ ልጅ የታወቀ ቃል የሚባለው ቃል ላይታወቅ ይችላልና ከማስነበብ በፊት ማነጋገር ይቀድማል። አፋን ኦሮሞ በከተማው ትምህርት ቤቶች በቋንቋ ትምህርትነትም በማስተማሪያ ቋንቋነትም ስለሚሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ስለሚጀመር፣ ልጁ ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓት ይገጥመዋል። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት በቁቤ እና በእንግሊዝኛ የላቲኑ ፊደል መልኩ አንድ ሆኖ ድምፁ ይለያያል። በሌላ በኩል ቁቤ ሲጠብቅ ፊደሉን ደግሞ ይጽፋል፤ የአማርኛ መምህር የጎረቤቱን ክፍል ሰሌዳ ቢጠቀምበት መጥበቅና መላላትን በዓይን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አያገኝም። የሚጠቀምበት መምህር ጥቂት መሆኑ ያስቆጫል።

የመኖሪያ ለውጥም አለ። ከመሐል ከተማ በልማት የተነሡ ቤተሰቦች ወደ ገላን፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ መጥተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ የተነሡት ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል። ልጅ በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት ሲቀይር መሸኛው የፈተና ውጤቱን ይይዛል፤ የንባቡ ደረጃ ግን የትም አይጻፍም። አዲስ ገቢ ልጅን በመጣበት ሳምንት ማስነበብ ልማድ ቢሆን ብዙ ነገር ይቀላል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ቁርስና ምሳ ደግሞ ለንባብ ሥራም ውለታ ነው፤ ልጁ ጠዋት ይገኛል፣ ሆዱም አያዘናጋውም።

ልጆቹ ከተሰሙ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የጊዜ ነው። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ያስፋፋው መንገድ ከሁሉ የሚቀል ይመስላል፦ በቀን ለተወሰነ ሰዓት የክፍል ደረጃን ትቶ ልጆችን በንባብ ደረጃቸው መመደብ። የ3ኛና የ5ኛ ክፍል ልጅ ሁለቱም ሳድስ ላይ ከቆሙ አብረው ይቀመጣሉ። ትልቁ ልጅ ከትንሹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ የቡድኑ ስም «ደካሞች» አይባልም፣ ለትልቁም ትንሹን የማስነበብ ሥራ ይሰጠዋል። በፈረቃ በሚሠራ ትምህርት ቤት ሰዓቱን ማግኘት ከባድ ነው። ማጠናከሪያ ትምህርት ተብሎ ቅዳሜ የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ያው የክፍሉ ትምህርት ተደግሞ ነው፤ ያ ሰዓት ለዚህ ቢውል የሚጎድል ነገር የለም።

ያለ መጽሐፍ ይህ ሁሉ ብዙ አይራመድም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል መጻሕፍቱ ዘግይተው ብዙ ክፍል ከመምህሩ ስልክ ወደ ሰሌዳ በሚገለበጥ ጽሑፍ ተማረ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፤ ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ለአቃቂ ልጅ መንገዱ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ በኋላም ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ሲያዞሩ ያሳዩት መጽሐፉ ወደ ልጁ መሄድ እንዳለበት ነው። ትምህርት ቤት ከዚህ ባነሰ ነገርም መጀመር ይችላል፦ ልጆች ራሳቸው የተናገሩት ታሪክ በመምህሩ እጅ ተጽፎ፣ ተሰፍቶ፣ ለሌላው ክፍል ይነበባል። የሱቅ ማስታወቂያውም፣ ቃሊቲን ሲያቋርጡ የሚውሉት ከባድ መኪኖች ከኋላቸው ያስጻፉት አባባልም የሚነበብ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ጠዋት በሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ጎበዙን ልጅ ከሚያስነብብ ሌሎቹንም ቀድሞ እያለማመደ ተራ ቢሰጥ ጥሩ ነው።

ወላጅ ማንበብ አለመቻሉ እንቅፋት ተደርጎ ይቆጠራል። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብለት ተቀምጦ የሚሰማ፣ «ከዚያስ?» የሚል እናት ወይም አባት ግን ፊደል ባይቆጥርም ግማሹን ሥራ ይሠራል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለዩ አያቶችም በየቤቱ አሉ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነበር፤ ሆኖም ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚያነበው ያጣ ሰው ፊደሉ ተመልሶ ጠፍቶበታል።

በልጆችም ላይ ያው ይደርሳል። ከቡድኑ የሚወጣ ልጅ የሚለየው ከአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ድምፅ ሳያሰማ አንብቦ፣ መልሱ ቃል በቃል በማይገኝበት ጥያቄ ላይ በራሱ አነጋገር መመለስ ሲችል ነው። ይህን ያለፈ ልጅም ሐምሌንና ነሐሴን ምንም ሳያነብ ከከረመ መስከረም ላይ ቀንሶ ይመጣል። ስለዚህ የልጆቹ ንባብ የተጻፈበት መዝገብ በሰኔ አይዘጋም፤ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት መጽሐፍ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ልጅ እንደገና አንድ በአንድ ለማስነበብ ይያዛሉ።