በአንድ ጫን ሩብ ዙር

የድሮ መጻፊያ የሚሰበስብ ሰው ልቡ አብዛኛውን ጊዜ ከብልቃጥ ቀለም እየሞሉ ወደሚጽፉበት ብዕር ያደላል። እስክሪብቶን ግን ቀለሙ ሲያልቅ የሚጣል ተራ ዕቃ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ብልህ ሠሪ ጣት በምታክል ዕቃ ውስጥ ምን ያህል ሐሳብ ሊያኖር እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን ፓርከር ጆተር ፈታትቶ ይመልከት።

ጆተር ሲወጣ እስክሪብቶ አዲስ ነገር አልነበረም። ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ በ1938 በብሪታንያ የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ፣ ኋላም አርጀንቲና ሆኖ ሥራውን አሻሽሎታል። በኦክቶበር 1945 ኒውዮርክ የሚገኘው ጊምበልስ የተባለ ትልቅ መደብር ሬይኖልድስ የተባለውን እስክሪብቶ በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሸጥ ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው። ዕቃው ግን የወሬውን ያህል አልሆነም። የዚያን ጊዜ እስክሪብቶ ቀለሙ ኪስ ያበላሻል፣ መስመር መሃል ላይም ይቆራረጣል። ከ1888 ጀምሮ ብዕር በመሥራት የታወቀው የዊስኮንሲኑ ፓርከር በዚህ ግርግር መሃል ስሙን በጥድፊያ ለማሳረፍ አልፈለገም። ጊዜ ወስዶ ቆየ፤ መቆየቱም ዕቃው ላይ ይታያል።

ከላይ ሲያዩት ቁጥብ ነው። ክዳኑ የማይዝግ ብረት፣ የታችኛው ቀፎ ናይሎን። በመጀመሪያዎቹ ላይ ናይሎኑ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን ሸንተረሮች የተሞላ ስለሆነ ጣት አያንሸራትትም። ጥበቡ ያለው ግን ውስጡ ነው። ሰው ሲጽፍ እስክሪብቶውን ሁልጊዜ በለመደው አቅጣጫ ያዘነብለዋል፤ ስለዚህ ኳሷን አቅፎ የያዘው የብረት ከንፈር በአንድ ወገን ብቻ ይበላል፣ ቀለሙም በዚያው በኩል መዝረክረክ ይጀምራል። የፓርከር መሐንዲሶች መላ አበጁለት፤ አናቱ ላይ ያለው መጫኛ በተጫነ ቁጥር የቀለም ቱቦው 90 ዲግሪ ይዞራል። ለዚህም ሲባል የቱቦው ጀርባ እንደ ዘውድ ጥርስ ጥርስ ተደርጎ ተቀርጿል፤ ከክዳኑ ውስጥ ያለው መዘውር የሚይዘው እነዚያን ጥርሶች ነው። ለማየት የሚፈልግ በቱቦው አፍ አጠገብ ትንሽ ነጥብ አድርጎ ይጫን። ነጥቧ ከፊት ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ኋላ ትሄዳለች። ጸሐፊው ይህ እንደሚሆን እንኳ ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ሊጽፍበት ይችላል። ሠሪው ያንን ሁሉ የለፋው ማንም ለማያየው ነገር ነው፤ እኔ የምወደውም ይህንኑ ነው።

በ1957 ደግሞ ኳሷ ራሷ ተለወጠች። የተጣራ ልስላሴ ያላት የብረት ኳስ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ መንከባለሏን ትታ ትንሸራተታለች፣ መስመሩም ይቋረጣል። ቲ ቦል የተባለችው አዲሷ ኳስ የተሠራችው ከተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ሲሆን ገጿ ሆን ተብሎ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሻካራነቱ ወረቀቱን ይቆነጥጣል፣ ቀዳዳዎቹም ቀለም ይዘው ይወጣሉ። ለስላሳ ጽሕፈት ከሻካራ ኳስ መገኘቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከዚህ ጎን ላስቀምጠው የሚገባኝ አንድ ሌላ እስክሪብቶ ብቻ አለ፤ ሁላችን የምናውቀው በ1950 የወጣው ቢክ ክሪስታል። ስድስት ጎን ስላለው ጠረጴዛ ላይ አይንከባለልም፤ በቀፎው ጎን ያለችው ቀዳዳም አየር አስገብታ ቀለሙ እንዲወርድ ታደርጋለች። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከስብስቡ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ጆተር ልመለስና፣ ቀደምቱን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አፍንጫውን ይይ። የመጀመሪያዎቹ ቀፎዎች ጫፋቸው ባዶ ናይሎን ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጫፉ በብረት ተለበጠ። ማንጠልጠያው ላይ ያለው ዝነኛ ቀስትም ኋላ የመጣ ነው። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ለተሠሩት ግን ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለውን ምልክት ማንበብ ይበቃል። ‘ኳሊቲ ፔን’ የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ አሥር ፊደላት በቅደም ተከተል ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ይቆጠራሉ፤ ፊደሉ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ይነግራል። ሦስት ጭረት ካለ የዓመቱ መጀመሪያ ሩብ፣ ሁለት ከሆነ ሁለተኛው፣ አንድ ከሆነ ሦስተኛው ነው፤ ጭረት ከሌለ የመጨረሻው። አሥርቱን ዓመት ለመለየት የተሠራበትን አገርና የክዳኑን ቅርጽ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ደግነቱ እነዚህ ዕቃዎች መስታወት ውስጥ ለመቀመጥ አልተፈረደባቸውም። የፓርከር ቱቦ ቅርጽ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ስለጸደቀ፣ ዛሬ ከሱቅ የተገዛ ቱቦ በ1954ቱ ቀፎ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል።

ብዙ ጆተር በድርጅቶች ለስጦታ ስለሚታደል ስም የተቀረጸበት ይበዛል። ሰብሳቢዎች በዚህ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ እኔ አልቀንስም፤ ቅርጹ ጥርት ያለ ከሆነ እንዲያውም እመርጠዋለሁ። ምሕረት የሌለኝ ለተወለወለ ክዳን ነው። ፓርከር ሉስትራሎይ ብሎ የሚጠራው አጨራረስ ብረቱ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች የተሰመሩበት ነው፤ ብርሃኑን ለስለስ አድርጎ የሚመልሰውም እሱ ነው። ሻጩ ጭረት ለማጥፋት ሲል በማሽን ከፈተገው እነዚያ መስመሮች አብረው ይሄዳሉ፣ አይመለሱምም። ስለዚህ ክዳኑን ወደ መስኮት አዘንብዬ ከማንጠልጠያው ሥር፣ መወልወያ በማይደርስበት ቦታ አያለሁ። መስመሮቹ እዚያ ብቻ ተርፈው ሌላው ገጽ እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ አልገዛውም።