የጥበብ ሰፈርና የጥበበኛ ስም
ስለ ሞንማርትር፣ ስለ ሽሮ ሜዳና ስለ ዶርዜ የቀረበ ሂስ

የአውሮጳን ታላላቅ ከተሞች ለመጐብኘት ዕድል ያጋጠማቸው ሰዎች ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ አጥብቀው ከሚያወሱት ነገር አንዱ የሠዓሊዎች ሰፈር ነው። በፓሪስ ከተማ የሞንማርትርን ኮረብታ ወጥተው፣ በጠባቡ መንገድ ተዘዋውረው፣ በአደባባዩ የተቀመጡት ሠዓሊዎች የመንገደኛውን መልክ ሲሥሉ ከተመለከቱ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ሰፈር በእኛ ሀገር የለም ብለው ያዝናሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ አነጋገር ነው። አሳቡ በአጭሩ ሲነገር፣ የጥበብ ሰፈር በሀገራችን አለ፤ ሰፈሩን ያቀኑትም ሰዎች የወጡት ከሴቻ በላይ ካለው ከጋሞ ደጋ ነው። የጐደለው ሰፈሩ ሳይሆን፣ ሰፈሩን አስተውሎ የሚያይ ዓይንና የጥበበኛውን ስም የሚጽፍ ብዕር ነው።

አስቀድሞ ሞንማርትር ምን እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ እ.ኤ.አ. 1860 ድረስ ከፓሪስ ውጭ የነበረ፣ የወይን ተክልና የነፋስ ወፍጮ የሞላበት መንደር ነበር። ሠዓሊዎች ወደዚያ የሄዱት ኮረብታው ስላማረ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራዩ ርካሽ ስለ ነበረ ነው። ረኗር እ.ኤ.አ. በ1876 በዚያ ሰፈር ተከራይቶ የሕዝቡን የእሑድ ጭፈራ ሣለ። የልብስ አጣቢ ልጅ የሆነችው ሱዛን ቫላዶን በመዠመሪያ ለሠዓሊዎች እየተቀመጠች ትሣል ነበር፤ ኋላም ራሷ የታወቀች ሠዓሊ ሆነች። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1904 ባቶ ላቯር በተባለው ያረጀ የእንጨት ቤት ገብቶ፣ በ1907 የዘመናዊውን ሥዕል አካሄድ የለወጠውን ትልቅ ሥራ እዚያው ሠራ። በዚያ ቤት ብርዱ ብርቱ፣ ውሃው ጥቂት፣ ጐረቤቱ ግን ብዙ ነበር። እንግዲህ ሰፈሩን የጥበብ ሰፈር ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ድኻ ሊከፍለው የሚችል ኪራይ፣ አንዱ ከሌላው የሚማርበት ጉርብትና፣ ሥራውንም የሚገዛ ከተማ በቅርብ መኖሩ።

ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሰፈሩ ይፈታል። ሞንማርትር ስሙ ሲገንን ኪራዩም ጨመረ፤ ፒካሶም እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ ሞንፓርናስ ተሻገረ፤ ሌሎችም እንዲሁ አደረጉ። ባቶ ላቯር እ.ኤ.አ. በ1970 ተቃጠለ፤ በ1978 በስሚንቶ እንደገና ተሠራ። ዛሬ ጐብኝው የሚያየው በአብዛኛው የሥራውን ቦታ ሳይሆን የሥራውን መታሰቢያ ነው። ይህ ማለት ጕብኝቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጐብኝው የሚያየው ነገር የቱ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛም ማስታወስ የሚገባን ነገር አለ። ፒካሶ በዚያው በ1907 በትሮካዴሮ ቤተ መዘክር ከአፍሪካ የመጡ የእንጨት ጭንብሎችን አይቶ እጅግ ተደነቀ። የፒካሶን ስም የማያውቅ ተማሪ ዛሬ የለም፤ ጭንብሎቹን የቀረጹትን ሰዎች ስም ግን ቤተ መዘክሩ አልጻፈም። በመለያው ወረቀት ላይ የሰፈረው የነገዱ ስም ብቻ ነበር። አንዱ በስሙ ተጠራ፤ ሌላው በነገዱ ተጠራ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

የእኛም ሀገር ሰው በዚያ ከተማ ኖሯል። ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ለንደን ለትምህርት ተልከው፣ ቀጥሎም ወደ ፓሪስ ተሻግረው እስከ 1966 ድረስ ተቀመጡ፤ በሞንፓርናስ ባለው በግራንድ ሾሚዬር የሥዕል ትምህርት ቤትም ሠርተዋል። በፓሪስ ከአፍሪካና ከካሪብያን ደሴቶች ከመጡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ጋር ተገናኙ። በሥራቸው ላይ ግን ጐልቶ የሚታየው የፓሪስ መንገድ ሳይሆን የሀገራችን የብራና ክታብ፣ የዓይኑና የክንፉ ሥዕል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቀለም ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የጥበብ ሰፈር ለሰው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ የራሱን ቤት ዕቃ በአዲስ ዓይን እንዲያይ ማድረግ መሆኑን ነው። እስክንድር ክታቡን እንዳዩ፣ እኛስ ሸማውን አይተነዋልን?

በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳን ያቋርጣል። የጋሞ ደጋ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የዶርዜና የአካባቢው ሸማኔዎች ወደ አዲሲቱ ከተማ እየመጡ በጕለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። ዘመድ ዘመዱን እየሳበ፣ ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጐቱ እየተማረ፣ ሰፈሩ ጸና። በዋናው መንገድ ዳር የሚታየው የልብስ ሱቅ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን ከጀርባ ባለው ግቢ ነው። ከላይ የቈጠርናቸው ሦስቱ ነገሮች ሁሉ እዚህ ተገኝተዋል፤ ርካሽ ማደሪያ፣ የሙያ ጉርብትና፣ የገዢ ቅርበት። እንግዲህ ሞንማርትርን የሠዓሊዎች ሰፈር ካልን፣ ሽሮ ሜዳን በምን ምክንያት የገበያ ሰፈር ብቻ እንለዋለን?

አንዳንድ ሰው ሽመና ሙያ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም፤ ሸማኔው ያንኑ እየደጋገመ ይሠራልና ይላል። ቋንቋችን ግን በዚህ ነገር ላይ አስቀድሞ ፈርዷል፤ በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚሠራውን ኅብረ ቀለም ጌጥ ጥበብ ብሎ ጠርቶታልና። ሥራውንም ቀርቦ ያየ ሰው አይስተውም። ሸማኔው በጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ሥራው ይለወጣል። የድሩን ክር በጣቱ እየቈጠረ፣ ቀለም ያለውን ክር በየቦታው ያስገባል፤ አንድ ክር ቢስት መስቀሉ ይጣመማል። የተሣለ ንድፍ ፊቱ የለም፤ ንድፉ በቍጥር መልክ በአእምሮው ነው። የሚደጋግመውም ቢሆን ሲደጋግም ይመርጣል፤ ቢጫው ከቀይ አጠገብ ይሁን ወይስ ከጥቍር፣ ነጩ መደብ ምን ያህል ይተንፍስ የሚለውን ይወስናል። መደጋገም የጥበብ ተቃራኒ ከሆነማ፣ በሞንማርትር አደባባይ በቀን ብዙ መልክ የሚሥለውንስ ምን እንለዋለን?

በሂስ ዓይን ስናየው ግን ሁሉም ሸማ እኩል አይደለም። ጥሩው ጥለት ከነጩ መደብ ጋር የሚነጋገር ነው፤ ጌጡ በጠርዙ ሲከማች ነጩ ያጐላዋል። በቅርብ ዘመን የሚታየው አንዱ ድካም ጌጡ ልብሱን ሁሉ እየወረሰ፣ ዓይን የሚያርፍበት ስፍራ እያጣ መሄዱ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በውጭ ሀገር ፋብሪካ የጥለት መልክ በጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ መሸጡ ነው። የታተመው ጨርቅ ጥለቱን ይሰርቃል፤ ነገር ግን ማን እንደ ተሰረቀ ማስረዳት አይቻልም፤ የንድፉ ባለቤት ስሙ የትም አልተጻፈምና። ስም አለመጻፍ የክብር ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጕዳይ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ምንጩ እንመለስ። ከሴቻ ወርዶ በሲቀላ በኩል አልፎ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ዶርዜ ሃይዞ ይገኛል። ጐብኝው ከቀርከሃ የተሠራውን ረጅም ቤት፣ የዝሆን ፊት የሚመስለውን መግቢያ ያያል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው እየተቈረጠ ዝቅ እንደሚል ይነገረዋል። የእንሰቱ አፋፋቅ፣ የቆጮው ቂጣ፣ የሴቶቹ ፈትልና የወንዶቹ ሽመና በተራ ይታያሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ለመንደሩም ገቢ ያመጣል። ሂሳችን ግን ይህ ነው፤ እንግዳው ስለ ቤቱ ብዙ ሰምቶ፣ ስለ ሸማኔው ምንም ሳይሰማ ይመለሳል። ይህን ጥለት ማን ፈጠረው፣ ከማን ተማረው፣ ፈትሉን የፈተለችው ማን ናት የሚል ጥያቄ ሲነሣ አይሰማም። ከሸማው በፊት ጥጡን የምትዳምጠውና በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ደግሞ ከሸማኔውም ይልቅ ተረስታለች። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ሃይዞም እንደ ሞንማርትር ሥራው የሄደበት፣ መታሰቢያው የቀረበት ስፍራ እንዳይሆን ያሠጋል።

ሰፈሩን ስናመሰግን ግን መራሩን እውነት መሸፈን አይገባም። ሸማኔ በከተማ በሙያው ሲሰደብ ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በራሱ በጋሞ ደጋ ሸማኔው እንደ ገበሬው የተከበረ ሲሆን፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ግን ከጋብቻና ከመሬት ተገልለው ኖረዋል። ከደጋው ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ ከትምህርት ርቀው በጠባብ ቤት ሲሸምኑ የተገኙ ሕፃናትም አሉ። ድኽነትን እንደ ጌጥ የሚያይ ጐብኝ የሞንማርትርን ብርድ እንደ ተረት እንደሚያወራ፣ እኛም የሕፃኑን ድካም የሙያ ውርስ ብለን ብናልፈው ሂሳችን ሐሰት ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ከግድግዳው ጋር ጉርብትናውም እንደሚበተን አይተናል። የሽሮ ሜዳም ጥበብ የተመሠረተው በሕንፃ ሳይሆን በጉርብትና ስለ ሆነ፣ በከተማው ፕላን ላይ ሸማኔዎቹ አብረው የሚኖሩበትና አብረው የሚሠሩበት ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ግን ከዚህ የቀለለና የቀረበ ነው። የጋሞኛ ቋንቋ የሚችሉ ተማሪዎች በዕረፍታቸው ወራት ወደ ደጋው ቢወጡ፣ የእያንዳንዱን ጥለት ስም፣ የክሩን ቍጥር፣ የሸማኔውንና የፈታይዋን ስም ፈቃዳቸውን ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ የሌለው መዝገብ ይኖረናል። መምህራንም ስለ ሥዕል በሚያስተምሩበት ክፍል አንድ የዶርዜ ሸማ ከእስክንድር ሥዕል ጎን ሰቅለው በዚያው ሚዛን እንዲመረመር ቢያደርጉ መልካም ነው።

ወደ ፓሪስ ለመሄድ ገንዘብና ቪዛ ያስፈልጋል። ወደ ሃይዞ ለመውጣት የአንድ ጧት መንገድ ይበቃል፤ በደረሱ ጊዜም የመዠመሪያው ጥያቄ «ስምዎ ማነው?» የሚል ይሁን።