ስለ «ግምት»፣ «ምት» እና «ምልክት»፦ የሽቦ አልባ ግንኙነት ስያሜዎች ሲመረመሩ

የሽቦ አልባ ግንኙነት ጥናት ሁለት ጥያቄዎችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው፣ የሚላከው ምት ምን ዓይነት ቅርፅ ቢሰጠው ይበጃል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተቀባዩ ከደረሰው የታወከ ሞገድ ውስጥ የመዘግየቱን፣ የድግግሞሹንና የከፍታውን ልክ በምን ዘዴ ያገኛል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሳይንሱን ሳይሆን፣ ሳይንሱን በአማርኛ ለማስረዳት የምንገለገልባቸውን ቃላት ነው።

በመጀመሪያ «ምልክት» የሚለውን እንመልከት። ይህ ቃል በአንድ በኩል ለሲግናል፣ በሌላ በኩል ፊደልን ወይም አሐዝን ለሚወክለው ትእምርት ያገለግላል። በሌላ የሙያ መስክ ይህ መደራረብ ጉዳት ላይኖረው ይችላል። በዚህ መስክ ግን ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ለእያንዳንዱ ትእምርት አንድ ሲግናል ይመደባልና። ተርጓሚው «የእያንዳንዱ ምልክት ምልክት» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ምን ሊረዳ ይችላል? ስለዚህ «ምልክት» ለትእምርቱ ይቅር፣ «ሲግናል» በውሰት ይግባ እንላለን። ውሰትን የሚጠየፉ ሰዎች «ስልክ» የሚለውን ቃል ያስቡ። ቃሉ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ «ሽቦ አልባ ስልክ» ስንል፣ በጥሬው «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ቢሆንም ማንም አይደናገርም። ስያሜን የሚያጸናው ልማዱ እንጂ የቃሉ ምንጭ አይደለም።

«ምት» የሚለው ስያሜ ግን የሚመሰገን ነው። አጭር ነው፤ መነሻና ማብቂያ ያለውን ነገር ያመለክታል፤ በልብ ምትም የታወቀ ነው። ጉድለቱ የሚታየው «የምት ንድፍ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ናይኵስት ያስረዳው ቁም ነገር፣ ምቶች ሳይቀላቀሉ የሚነበቡበትን ሁኔታ ነው፤ አንዱ ምት በሚነበብበት ቅጽበት የሌሎቹ ምቶች ዋጋ ዜሮ መሆን አለበት። ይህ በቅርፅ የሚወሰን ነውና «የምት ቅርፅ ንድፍ» ማለት ይገባል። መደበላለቁን ለጎጃም ተማሪ ማስረዳት አያዳግትም። ወደ ደብረ ወርቅ የሚላክ ሞገድ በቀጥታ ሲደርስ፣ ሌላው ክፋይ በጮቄ ተራራ ተንጸባርቆ 1 ኪሎ ሜትር ትርፍ መንገድ ቢጓዝ ወደ 3.3 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። «የብዙ መንገድ ስርጭት» ከሚለው ቃል በቃል ትርጉም ይልቅ «የሞገድ ገደል ማሚቶ» ብንለው ሐሳቡ ወዲያው ይገባል።

ዋናው ችግር «ግምት» ላይ ነው። ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች፣ ማለትም ሥራው፣ የሥራው ውጤትና ሥራው የሚከናወንበት ደንብ፣ በዚህ አንድ ቃል ታጭቀዋል። የቋንቋው የርባታ ሥርዓት ግን መፍትሔውን አስቀድሞ ይዟል። «ፈለገ» «ፍለጋ»ን እንደሚሰጥ ሁሉ፣ «ገመተ» ለሥራው «ግመታ»ን፣ ለውጤቱ «ግምት»ን፣ ለደንቡ «መገመቻ»ን ይሰጣል።

ለደንቡ «ገማች» ይበቃል የሚል ሊኖር ይችላል። እኛ ግን አንስማማም። በደብረ ወርቅና በአካባቢዋ «ገማች» የገበሬውን ምርት በዐይኑ አይቶ ግብሩን የሚያስወስን ሰው ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ሞጣንና ብቸናን ጨምሮ በጎጃም ከባድ ዐመፅ ተነሥቶ ነበር፤ ቃሉም የዚያን ዘመን ትዝታ ይዞ ቀርቷል። ከዚህ ላይ «አድሎ የሌለው ገማች» የሚል ሐረግ ብንጨምር፣ አንባቢው ስለ አንድ ፍትሐዊ ሹም የሚነገር ይመስለዋል። የተፈለገው ግን ብዙ ጊዜ ቢደጋገም በአማካይ ከእውነተኛው ልክ ወደ ላይም ወደ ታችም የማያዘነብል ደንብ ነው። ይህንን «ያላጋደለ መገመቻ» ብንለው የሚዛንን ምስል እንጂ የሰውን ጠባይ አያስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1945 ራኦ፣ በ1946 ደግሞ ክራሜር ያሳዩት ወሰንም እንዲህ ሊነገር ይችላል፦ ያላጋደለ መገመቻ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ የግምቱ መዋዠቅ ከተወሰነ ልክ በታች አይወርድም። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙትም እዚህ ነው፤ የምቱ ቅርፅ የያዘው የድግግሞሽ ስፋት በጨመረ ቁጥር፣ ለመዘግየት ግመታ የተቀመጠው ይህ ወሰን ዝቅ ይላል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ እናክላለን። የቅኔው አገር ሰው የታወከውን ሞገድ በሰምና ወርቅ ለመመሰል ይፈተን ይሆናል። ምሳሌው ያምራል፤ ነገር ግን አይሠራም። ሰሙን ባለቅኔው ዐውቆ ያኖረዋል፤ ሁከቱን ግን ላኪው አልፈጠረውም። «ሁከት» ያልነውም «ጫጫታ» ጆሮ የሚሰማውን ብቻ ስለሚያስታውስ ነው፤ በተቀባዩ ውስጥ ከሙቀት የተነሣ የሚፈጠረው የኤሌክትሮኖች መራወጥ ለጆሮ አይሰማም።

የሜትር 1 ሺህኛ ስሕተት በሚታረምበት ሙያ፣ ሦስት ነገር በአንድ ቃል መጥራት ተማሪውን ይጎዳዋል። ያቀረብናቸው ስያሜዎች በመምህራንና በተርጓሚዎች ሥራ ተፈትነው የሚጸኑት ይጽኑ፤ የማይበጁትም በተሻሉ ይተኩ።