የትንፋሽ ጡንቻ ልምምድና ያረጡ ሴቶች ጤና፤ ስለ አንድ ምርምር የቀረበ አስተያየት

ሴት የወር አበባዋ ለዘለቄታው ሲቋረጥ «አረጠች» ይባላል። ቃሉ በተለምዶ የሚነገረው የመውለድ ዘመን ማለፉን ለማመልከት ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን በደም ሥሮች ላይም ከፍ ያለ ለውጥ ይደርሳል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ በሚገባ እንዲያመነጭ ይረዳ ነበር፤ ይህም ጋዝ ደም ሥር እንዲላላና እንዲሰፋ የሚያደርግ ነው። ኤስትሮጅን ሲጎድል የደም ሥሩ ለመስፋት ያለው ችሎታ ይደክማል፤ የደም ግፊትም ከዕድሜ ጋር ከፍ እያለ ይሄዳል። የልብና የደም ሥር ሕመም በዓለም ላይ ሴቶችን በመግደል ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የወንድ ሕመም አድርጎ መቁጠሩ የሚያሳዝን ነው። በዚህም ላይ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ መባስና የጭንቀት ነገር ሲጨመር የአንዲት እናት ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት አያዳግትም።

እንግዲህ በእጅ የሚያዝ አንድ ትንሽ መሣሪያ በቀን 5 ደቂቃ ያህል አየር ቢሳብበት ልብንም መንፈስንም ይጠግናል የሚል ቃል ሲነገር፣ ብዙ ሴቶች ጆሮአቸውን ቢሰጡ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛም ይህን ቃል ለሁለት ከፍለን ልንመረምረው እንወዳለን፤ ስለ ልብ የተባለውና ስለ መንፈስ የተባለው በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ሆነው አላገኘናቸውምና። (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ልምምዱ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ስሙ ሲሰማ ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። እሳት እፍ የምትል ሴት ወይም ዋሽንትና እምቢልታ የሚነፋ ሰው የሚደክመው አየር ወደ ውጭ ሲያወጣ ነው። ይህ ልምምድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መሣሪያው በአፍ ተይዞ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ በውስጡ ያለው መዝጊያ እንቢ ይላል፤ የሚስበው ኃይል ከተወሰነ መጠን ካልደረሰ በቀር አይከፈትም። ስለዚህ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ማለት ድያፍራም፣ እንዲሁም በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ክብደት እንደሚያነሣ ክንድ ይሠራሉ። እነዚህ ጡንቻዎች በልምምድ የሚጠነክሩ መሆናቸውን ሊዝና ብራድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በጥቂት ጤነኞች ላይ ሞክረው በ1976 አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ለሳምባ ሕመምተኞችና ለስፖርተኞች ሲሰጥ ቆየ። በ2016 ደግሞ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ቭራኒሽና ቤይሊ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው በሚቋረጥ ሰዎች ላይ ሞክረውት የደም ግፊታቸው ዝቅ ማለቱን ገለጹ። የልብ ሊቃውንት ነገሩን በብርቱ ማሰብ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው ለማለት ይቻላል።

አሁን በየቦታው የሚጠቀሰው ግን ክሬግሄድ፣ ሲልስና ባልደረቦቻቸው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በቦልደር ሠርተው በ2021 በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት ያሳተሙት ምርምር ነው። ዕድሜአቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸውም 120 እና ከዚያ በላይ የሆነ 36 ወንዶችና ሴቶች በዕጣ ተለይተው በሁለት ተከፈሉ። 18ቱ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 30 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት መሣሪያውን ከሙሉ ኃይላቸው 75 በመቶ በሚሆን ጭነት ሳቡ። ሌሎቹ 18 ያንኑ መሣሪያ በ15 በመቶ ጭነት ሳቡ፤ ይህ የማስመሰያ ልምምድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የላይኛው ግፊታቸው ከ135 ወደ 126 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወረደ፤ የታችኛው ከ79 ወደ 77። ልምምዱን ካቆሙ ከ6 ሳምንት በኋላ እንኳ ከላይኛው ግፊት ቅናሽ 75 በመቶ ያህሉ አልጠፋም ነበር። በማስመሰያው ቡድን ለውጥ አልታየም።

ሰው በቀን 20,000 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ከዚህ ውስጥ 30ው ብቻ ከበድ ቢል ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ የሚያነሣ ነው፤ ሁለተኛው ጥርጣሬ ደግሞ ከማስመሰያው ላይ ይነሣል። ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሙሉ ኃይሏ 80 ሳንቲሜትር ውሃ የሆነች ሴት በ75 በመቶ ስትስብ፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ቀሰም ውሃን 60 ሳንቲሜትር ወደ ላይ እንደ መሳብ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ክንድ ያልፋል። በ15 በመቶ የምትስበው ግን 12 ሳንቲሜትር፣ ማለት ግማሽ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ምርምሩ ተሳታፊውም መርማሪውም የቡድኑን ማንነት ሳያውቁ የተሠራ መሆኑ ተጽፎአል። ነገር ግን ግማሽ ስንዝር የምትስበዋ ሴት «ይህ ቀላል ነገር ምን ይጠቅመኛል?» ብላ አታስብምን? በሌላ በኩል መሣሪያውን ከዚያ በፊት አይታ የማታውቅና የሌላውን ቡድን ጭነት ያልቀመሰች ሴት የምታወዳድረው ነገር ስለሌላት ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ ይህ ጥርጣሬ ምርምሩን የሚያፈርስ ባይሆንም እንዲያው የሚታለፍ አይደለም።

ምርምሩን ከዚህ ጥርጣሬ የሚያድነው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከደም ግፊቱ ቍጥር ይልቅ ከበስተኋላ የተሠራው ሥራ ነው። ግፊቱ በሐኪም ፊት ብቻ ሳይሆን 24 ሰዓት ሙሉ ተለክቶ ከማስመሰያው ቡድን ዝቅ ብሎ ተገኝቶአል። ከልምምዱ በፊትና በኋላ የተወሰደው የደም ውሃ በቤተ ሙከራ ባደጉ የደም ሥር ሽፋን ሕዋሳት ላይ ሲጨመር፣ በኋላ የተወሰደው ናይትሪክ ኦክሳይድን አበዛ። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያለ ሕዋስ ደግሞ ይሻለኛል ብሎ ተስፋ አያደርግም፤ የትኛው ቡድን እንደ ሆነም አያውቅም። የክንድ ደም ሥር የመስፋት ችሎታም በ45 በመቶ ያህል ጨመረ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። 45 በመቶ ሲባል የሰማ ሰው ደም ሥሩ በግማሽ ያህል የሰፋ ሊመስለው ይችላል። ለምሳሌ ያህል 4 በመቶ ይሰፋ የነበረ ደም ሥር 45 በመቶ ቢሻሻል 6 በመቶ ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ይህም ቢሆን መልካም ለውጥ ነው፤ ሆኖም ቍጥሩ ከነትርጕሙ ቢነገር ይሻል ነበር። በደምብ ሳይነገር የሚታለፍም ሌላ ውጤት አለ፤ የትልልቆቹ ደም ሥሮች ግትርነት በልምምዱ አልተለወጠም። መሣሪያውን የሚያመሰግኑ ጽሑፎች ይህን ሲጠቅሱ እምብዛም አላየንም።

ወደ ሴቶቹ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ልብ የሚስብ ይሆናል። ሰው ሁሉ ለልብ ጤና «ሩጥ፣ ተራመድ» ይባላል፤ ደግሞም ትክክል ነው። ነገር ግን ባረጡና ሆርሞን በማይወስዱ ሴቶች ላይ የእግር ጉዞ የደም ሥርን የመስፋት ችሎታ እንደ ወንዶቹ እንደማያሻሽል ቀደም ብሎ ተገልጾ ነበር። በ2013 ሞሮና ባልደረቦቿ ያወጡት ሥራ ደግሞ ኤስትሮጅን የተሰጣቸው ሴቶች ከስፖርቱ የተጠቀሙ መሆናቸውን አሳየ። ሆርሞንን ለሁሉ መስጠት ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ2002 በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ምርምር፣ ኤስትሮጅንንና ፕሮጄስቲንን አንድነት የወሰዱት ሴቶች የጡት ካንሰርና የልብ አደጋ በዝቶባቸው ስለ ተገኘ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ምንም እንኳ የሴቲቱ ዕድሜና መድኃኒቱ የተጀመረበት ጊዜ ትልቅ ልዩነት እንደሚያመጣ በኋላ ቢታወቅ፣ ፍርሃቱ ከብዙዎች ልብ አልወጣም። እንግዲህ ያለ ሆርሞን ያረጠችን ሴት ደም ሥር የሚያሻሽል ልምምድ ተገኘ ሲባል ወሬው የሚያስደስት ነው፤ የቦልደር ሰዎችም የዚህን ምልክት አይተናል ይላሉ። እኛ ግን ቍጥሩን እንጠይቃለን። ከባዱን ልምምድ ያደረጉት በጠቅላላው 18 ሰዎች ናቸው፤ 18ቱም ሴቶች አልነበሩም። ከጥቂት ሴቶች የተገኘ ውጤት ለሚቀጥለው ምርምር በር ይከፍታል እንጂ ለሐኪም ማዘዣ አይበቃም።

ስለ መንፈስ የተባለው ግን ከዚህም ያነሰ መሠረት ያለው ነው። የ2021 ምርምር ዋና ጥያቄ የደም ግፊትና የደም ሥር ነበር፤ ሐዘንና ጭንቀት አልነበረም። «ትንፋሽ መንፈስን ያረጋጋል» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ለምሳሌ በ2023 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ምርምር በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ረዘም አድርጎ መተንፈስ መልካም ስሜትን እንደሚጨምር አሳይቶአል። በዚያ ግን መሣሪያም ጭነትም የለም፤ ነገሩ ዝግ ብሎ የማስወጣት እንጂ በኃይል የመሳብ አይደለም። ጭንቀቱም ቢሆን በጸጥታ ተቀምጠው ሐሳባቸውን በሰበሰቡትም ዘንድ ቀንሶአል። የአንዱን ልምምድ ውጤት ወስዶ ለሌላው ማልበስ፣ ሁለቱም «ትንፋሽ» ስለ ተባሉ ብቻ፣ ለምርምር ሰው የሚገባ አይደለም።

ከዚህም በላይ ስለ ደም ሥር ያስመለጠን ክርክር እዚህ አይረዳንም። ስሜት የሚለካው በመጠይቅ ነው፤ መጠይቁን የምትሞላውም መሣሪያውን በድካም የሳበችው ሴት ራሷ ናት። ክብደቱ የተሰማት ሴት ይሻለኛል ብትል የጡንቻው ይሁን የተስፋዋ በምን ይለያል? እንዲሁም የድብርት አደጋ ከፍ የሚለው በተለይ ወደ ማረጥ በሚያሸጋግሩት ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ያለ ምንም መሣሪያ ይሻላቸዋል። በየቀኑ ለራስ 5 ደቂቃ መስጠትም ብቻውን የሚያጽናና ነገር ነው፤ ይህን አንንቅም። ነገር ግን መጽናናቱ ከድያፍራም የመጣ ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ ያሻል።

መጠይቆቹን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ቢኖር ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። የእኛ እናቶች «ሆዴን ባር ባር አለው» ሲሉ ሐዘን ነው ወይስ ጭንቀት? «ሆድ ባሰኝ»ና «ደበረኝ» በአንድ መስመር ይጻፋሉን? እፎይታን ራሱን የምንገልጸው በትንፋሽ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ስለ ትንፋሽ ልምምድ የተጠየቀች ሴት «እፎይ አልሁ» ብትል የተሰማትን ትንገረን ወይም የሠራችውን ትንገረን ማወቅ ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ የምንለው መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። ጉልበቷን የሚያማት፣ መንገድ መሄድ የተሳናት፣ ወይም ከቤት ለመውጣት ጊዜ የሌላት ሴት በ5 ደቂቃ ግፊቷን 9 ሚሊሜትር ዝቅ ልታደርግ ከቻለች ትልቅ ነገር ነው። የሚያስፈራን ሌላ ነው። ይህን ወሬ ሰምታ የግፊት ክኒኗን የምትተው ሴት ትኖራለች፤ ለዚህ የሚያበቃ ማስረጃ ከቶ የለም። 6 ሳምንት የተለካ ግፊት ስለ ልብ ድካምና ስለ አንጎል ደም መፍሰስ አይናገርም። በእግር መሄድንም የምትተው ትኖራለች። ማረጥ ግን አጥንትንም የሚያሳሳ ነው፤ አጥንትን የሚያጠነክረው የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ መንቀሳቀስ ሲሆን፣ ተቀምጦ ቱቦ መሳብ ለአጥንት አንዳች አይጨምርም። ሳምባው ከዚህ ቀደም አየር ያፈሰሰ ወይም የጆሮው ታምቡር የተቀደደ ሰውም ሐኪም ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም።

ለሚቀጥለው ምርምር የምንመኘው የሚከተለውን ነው። ተሳታፊዎቹ ያረጡ ሴቶች ብቻ ይሁኑ፤ ካረጡ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ከ20 ዓመት ካለፋቸው ተለይተው ይቈጠሩ። ስሜታቸው ከመጀመሪያው ቀን ይለካ እንጂ በኋላ የታሰበበት ጥያቄ አይሁን። ጊዜውም ከ6 ሳምንት ወደ አንድ ዓመት ይዘርጋ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሁለት ቡድን አይበቃም፤ ያለ ጭነት ዝግ ብሎ የሚተነፍስ ሦስተኛ ቡድን ይጨመር። ከባድ የሳበችውና ዝግ ብላ የተነፈሰችው እኩል ተጽናንተው፣ ግፊቷ የወረደው ግን ከባድ የሳበችው ብቻ ከሆነች፣ የጡንቻው ሥራና የመንፈሱ ነገር የተለያዩ መሆናቸው ያን ጊዜ ይታወቃል።