የጉዞ ጽሑፎቻችንና አካል ጉዳተኛው ተጓዥ

ስለ አርባ ምንጭ የተጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎችንና ግጥሞችን ያነበበ ሰው አንድ የጋራ ባሕርይ ሳይታየው አይቀርም። ጸሐፊው ከሴቻ አፋፍ ላይ ይቆማል። አባያን ቀላ ያለ፣ ጫሞን ሰማያዊ አድርጎ ይሥላል፤ በሁለቱ መካከል የተጋደመውን የእግዚአብሔር ድልድይ ያደንቃል፤ ከዚያም በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ምንጮቹ «ይወርዳል»። የዚህ ሂስ መነሻ ያቺ «ይወርዳል» የምትል ግስ ናት። በማን እግር?

ሂስ ከግለ ሂስ ሲጀምር ይታመናልና ከራሴ ልነሣ። ከዓመታት በፊት ስለዚሁ ከተማ በጻፍሁት ግጥም ዐሥራ ሁለት ጊዜ «አየሁ» ብያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ሰማሁ» ወይም «ዳሰስሁ» አላልሁም። በአንድ ተውኔቴ ደግሞ በክራንች የሚሄድ ሰው አስገብቻለሁ። ሰውየው ግን የችግር ምልክት እንጂ የሚሄድበት ጉዳይ ያለው ገጸ ባሕርይ አልነበረም። ኪነ ጥበብ ለሰፊው ሕዝብ ነው ስንል ኖረናል፤ ደረጃ መውጣት የማይችለው የዚያ ሕዝብ አካል መሆኑን በብዕራችን አላረጋገጥንም።

ይህን ጉድለቴን ያሳየኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ መምህር ነው። ከሶዶ በሚመጣው መንገድ ላይ ባለችው ላንቴ፣ በሙዝ ማሳዎች መካከል ያደገ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። የገዛ አገሩን አብረን ልንጎበኝ ከላንቴ ተነሣን። ወንበሩ ታጥፎ ባጃጅ ላይ ተጫነ፤ እስከ ሲቀላ ችግር አልነበረም። ሽቅብ ወደ ሴቻም ባጃጁ እያቃሰተ አደረሰን። ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያሳየው አንድ መዝናኛ ግን በሩ ላይ ሁለት ደረጃዎች ነበሩት። ሁለት ብቻ! አስተናጋጆቹ በቅንነት ተሯሩጠው ከነወንበሩ አነሡት፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ ተመለከተው። ቡናው ሲቀርብ፣ «ልመለከት መጥቼ ትርኢት ሆኜ ገባሁ» አለኝ።

ምንጮቹ ከገደሉ ግርጌ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በሚያኖረው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ናቸው። ተሽከርካሪ ወንበር የዛፍ ሥርና ድንጋይ የበዛበትን ቁልቁለት አይችልም። ጫሞም እንዲሁ ነው፤ አዞዎቹን ለማየት ጀልባ ላይ መውጣት፣ ጀልባው ላይ ለመውጣትም ጭቃውን ረግጦ ጠርዙን መሻገር ያስፈልጋል። ወጣቶቹ፣ «ጋሼ፣ እኛ እንሸከምዎት» አሉት። አመሰገናቸው፤ እሺ ግን አላለም። በደጋው የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ሰዎች ተባብረው አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ቤት የሚሸከም ሕዝብ ሰው መሸከም አያቅተውም። መምህሩ የጠየቀው ትከሻ ሳይሆን መንገድ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ጸድቋል። አፈጻጸሙን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። እኔን የሚመለከተኝ መሐንዲሱ ያልሠራውን መወጣጫ ጸሐፊውም ሳይጠይቅ ማለፉ ነው። ወንበሩ የት ድረስ እንደሚደርስ የሚናገር አንድ መሥመር እኔ ባነበብኋቸው ጽሑፎች ውስጥ አላጋጠመኝም። የውበት መግለጫ እንዲህ ያለውን ነገር አይሸከምም የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም። ደረጃው የመልክዓ ምድሩ አካል ነው፤ እርሱን የዘለለ መግለጫ ያላለቀ መግለጫ ነው።

ያለ ዓይን የጉዞ ጽሑፍ አይጻፍም የሚል ቢኖር እንግሊዛዊውን ጄምስ ሆልማንን (እ.ኤ.አ. 1786–1857) ያስታውስ። በወጣትነቱ ዓይነ ስውር የሆነው ይህ የባሕር ኃይል መኮንን ዓለምን ዞሮ፣ የሰማውን፣ የዳሰሰውንና ጠይቆ የተረዳውን በበርካታ ቅጾች አሳትሟል። በእኛም ዘንድ የጋሞ ሸማኔ ጥለት በጣት ሊነበብ ይችላል፤ የመወርወሪያውም ድምፅ የራሱ ምት አለው። እኔ ግን ስለ ሽመና ስጽፍ ቀለሙን ብቻ ነበር የቆጠርሁት።

አሁን ያን አሮጌ ግጥም እንደገና እየጻፍሁ ነው። የሚጀምረው ከአፋፉ ሳይሆን ከላንቴ፣ ወንበሩ ታጥፎ ባጃጁ ላይ ሲጫን ነው። ወደ ምንጮቹ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። መምህሩ ከደኑ ጠርዝ ሆኖ የሰማውን የውሃ ድምፅ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

«ከዚያ አይሰማም፤ ሩቅ ነው» አለኝ።